ወረዳን የሚዳኘው ማን ነው? ከጎጃም የተነሣ ጥያቄና የተከተሉት ምላሾች

የመክፈቻው ጽሑፍ

ጎጃምን ሙግት አያስፈራውም። ርስት በነበረበት ዘመን ልጅ ፊደል ሲቆጥር ጎን ለጎን የአያት የቅድመ አያቱን ስም ይቆጥር ነበር፤ አንድ ቀን ዳኛ ፊት ቆሞ ትውልዱን እስከ አቅኚ አባቱ መዘርዘር ይጠበቅበታልና። ያ ግን የሰው ከሰው ሙግት ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ሰው ከመሥሪያ ቤት ጋር ሲሟገት ማን ይዳኘዋል የሚል ነው።

ልዩ ዳኝነት ሰጪ አካል አላነሰንም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ አለ። የግብር ይግባኝ ኮሚሽን አለ። ከሥራ የተሰናበተ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያመለክትበት የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ መሬቱን የሚለቅ ሰው አቤቱታ የሚያቀርብበት አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤም በአዋጅ ተደንግጓል። እንዲህም ሆኖ እርሻው ወደ ከተማ ክልል ተጠቃለለ የተባለ አንድ ገበሬ ፍርድ ቤት ሲሄድ ጉዳዩ የአስተዳደር ነው ይባላል። ወደ አስተዳደር ሲመለስ ደግሞ ተወስኗል፣ ቅር ካለህ ፍርድ ቤት ሂድ ይባላል። የሚያንኳኳው በር አላጣም፤ በር በዝቶበት አንዱ ወደ ሌላው ሲመልሰው ይውላል እንጂ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ብዙ የተጠበቀ ሕግ ነው። መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብ፣ እንዲያስመዘግብና ይፋ እንዲያደርግ ያዝዛል። ውሳኔ ሲሰጥ ባለጉዳዩን እንዲሰማና ምክንያቱን እንዲገልጽ ያስገድዳል። ውሳኔውንም ፍርድ ቤት እንዲከልሰው ይፈቅዳል። ነገር ግን የሚገዛው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን፣ እንዲሁም የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደሮች ነው። የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ አንድም የጎጃም ወረዳ አይነካም።

ታዲያ ምን ይሻለናል? እንደ ፈረንሳይ ራሱን የቻለ የአስተዳደር ፍርድ ቤት? እንደ ኬንያ የመሬት ፍርድ ቤት? ወይስ ያሉትን ፍርድ ቤቶች በአንድ አዋጅ ማጠንከር? ዕውቀት ያላችሁም፣ መከራውን የቀመሳችሁም ጻፉ። ስድብ ያለው ሌላ ቦታ ይፈልግ።

የተከተሉት ምላሾች

ሃያ አምስት ምላሽ መጥቷል። ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ እኩል ቦታ አልሰጠኋቸውም።

1ኛው የቢቸና አካባቢ አዛውንት ናቸው። ሰላምታቸው ብቻ ከአንዳንዱ ሰው ሙሉ ምላሽ ይረዝማል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን አስታውሰው፣ መንግሥትን ዳኛ ፊት ማቆም ከኋላ የመጣ ነገር ነው ይላሉ። የጥንቱ ሰው ንጉሥን አይከስም፤ ለንጉሥ አቤት ይላል። ባላገሩ ከጎጃም ተነሥቶ በእግሩ አዲስ አበባ ይገባና ዙፋን ችሎት ፊት እስኪቀርብ ወር ከወር ይጠብቃል። አዛውንቱ ይህን የሚያነሡት በናፍቆት ነው። እኔ ናፍቆቱን አልጋራም፤ አቤቱታን ከክስ መለየታቸው ግን የብዙውን ክርክር መንገድ ጠርጓል።

2ኛውን የጻፉት ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ ጡረተኛ ዳኛ ናቸው። በትሕትና ጀምረው በትሕትና አልጨረሱም። ተረቱ ሙሉ በሙሉ አልሞተም፣ የሞተው ግማሹ ነው ይላሉ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 ንጉሠ ነገሥቱን መክሰስ እንደማይቻል ይደነግግና ወዲያው ዞሮ፣ ማንኛውም የአገሩ ነዋሪ መንግሥትን፣ ሚኒስቴርን ወይም መሥሪያ ቤትን ከፍ ያለ ጉዳት ላደረሰበት ሕገ ወጥ ሥራ መክሰስ ይችላል ይላል። ዳኛው የቆጫቸው ከዚያ የሚከተለው ነው፤ ክሱ በተንኮል ወይም ያለ መሠረት የቀረበ ሆኖ ከተገኘ መንግሥት በተራው ከሳሹን መክሰስ ይችላል። አንድ የማቻክል ገበሬ ይህን አንቀጽ ቢያነቡለት የትኛው ግማሹ በጆሮው ይቀራል ብለው ይጠይቃሉ።

ቀጠሉና ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ገቡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ስላለበት ኃላፊነትና መንግሥት ስለሚጠየቅበት ሁኔታ ይናገራል። ከአንቀጽ 3131 እስከ 3306 ደግሞ ስለ አስተዳደር ውሎች፣ ማለትም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሕዝብ አገልግሎት ስለሚገባቸው ውሎች፣ በሰፊው ይደነግጋል። አርቃቂው ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ነበሩና ውሎቹ የተቀዱት ከፈረንሳይ ነው። በፈረንሳይ ግን እንዲህ ያለውን ውል የሚዳኝ ራሱን የቻለ ፍርድ ቤት አለ። እኛ ዘንድ ሞፈሩ መጣ፣ በሬው ቀረ። ዳኛው በሥራ ዘመናቸው የአስተዳደር ውል ክርክር ሲያዩ፣ ለሌላ ዳኛ ተብሎ የተጻፈ ሕግ እንደሚያነቡ ይሰማቸው እንደነበር ጽፈዋል። ከሁሉም ምላሽ ደግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

3ኛው ባሕር ዳር ሕግ የሚያስተምር ሰው ነው፤ የዳኛውን ቁጭት በግማሽ ልብ ብቻ ተቀበለ። ፈረንሳዮች የአስተዳደር ፍርድ ቤት ያቋቋሙት ለዜጋው አዝነው አይደለም ይላል። ከአብዮቱ በፊት የነበሩት ዳኞች የንጉሡን ማሻሻያዎች ስላደናቀፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 የወጣው ሕግ ዳኞች በአስተዳደር ሥራ እጃቸውን እንዳያስገቡ ከለከለ። በ1799 በናፖሊዮን ዘመን፣ ኋላ የአስተዳደር ጉዳይ የበላይ ፍርድ ቤት የሆነው የመንግሥት ምክር ቤት (ኮንሴይ ዴታ) ሲቋቋም ሥራው መንግሥትን ማማከር ነበር፤ አቤቱታውን ያይና ሐሳብ ያቀርባል እንጂ በራሱ ስም አይፈርድም። በራሱ ሥልጣን መፍረድ የቻለው በ1872 ነው። ክሱ የሚጀመርባቸው የአስተዳደር ፍርድ ቤቶች በዛሬ መልካቸው የተደራጁት በ1953፣ መካከለኛው የይግባኝ እርከን የተጨመረው በ1987 ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንቀናበት ተቋም የተጀመረው አስተዳደሩን ከዳኛ ለመከላከል ሲሆን፣ ወደ ዜጋው እስኪዞር ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። መምህሩ እኛ ከመጀመሪያው ጫፍ እንጀምር ካልን መጨረሻውን የሚያዩት የልጅ ልጆቻችን ናቸው ብሎ ዘጋ። ትንሽ ጨለምተኛ ነው፤ የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን አይነቀነቅም።

4ኛው ምስጋና ብቻ ነው።

5ኛው ከሞጣ መጣና ነገሩ ሞቀ። ጸሐፊው የ1960ውን የግብር ዐመፅ አነሣ። በዚያን ጊዜ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ሲወጣ የጎጃም ገበሬ መጀመሪያ ያደረገው ሽማግሌ መርጦ አዲስ አበባ መላክ ነው። ጆሮ ሲያጣ ገማች አላስገባም አለ። ከዚያ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ፤ ጦር መጣ፣ አውሮፕላን መጣ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። የጸሐፊው መደምደሚያ ግምትን የሚቃወም ሰው የሚሄድበት ገለልተኛ ጉባኤ ቢኖር ኖሮ ደም ባልፈሰሰ የሚል ነው።

6ኛው ይህን የዋህነት አለው፣ ያውም ባልለሰለሰ አነጋገር። ገበሬው የተነሣው ስለ ግምቱ ብዛት አልነበረም። መሬቱ ከተለካና ከተመዘገበ ርስቱ ይሄዳል ብሎ ስለፈራ ነው፤ ያን ፍርሃት ደግሞ የትኛውም ይግባኝ ሰሚ አይፈታውም። 7ኛው የጠቅላይ ገዥውን መልካም ሥራ ዘርዝሮ ተሟገተላቸው፤ 8ኛው ለእርሱ የሰጠውን መልስ የውይይቱን ክር የሚጠብቁት ሰዎች ሰርዘውታል፤ ደግ አደረጉ። በእኔ ሚዛን 6ኛው ስለ ፍርሃቱ እውነት አለው፤ 5ኛውም ቢሆን ባዶ እጁን አልቀረም። የሽማግሌዎቹ አቤቱታ መጨረሻ ላይ መልስ አግኝቷል፤ መልሱ ግን በምሕረት የመጣ ነው፣ ችሎት የሰጠው አይደለም። ምሕረት ደግሞ ለሚቀጥለው ባለጉዳይ የሚጠቀስ ነገር አይተውም።

9ኛው የአያቱ ስም በዚያ ዘመን መዝገብ ላይ ይገኝ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። መልስ የሰጠው የለም።

10ኛዋ በባሕር ዳር በጥብቅና የምትሠራ ሴት ናት። ለሁሉም በየስማቸው አክብሮት ከሰጠች በኋላ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። መጀመሪያ የእኔን የዓባይ ድልድይ ነገር አረመች፤ አዋጅ 1183 ወረዳን አይነካም እንጂ ጎጃም ውስጥ ቅርንጫፍ ያለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የትም ቢሆን ይገዛበታል፤ ከዚያ መሥሪያ ቤት ጋር የተጋጨ የቡሬ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ቀጥላ መሬት የማስለቀቁን ሕግ አስረዳች። በ1997ቱ አዋጅ 455 ጊዜ በካሳ ላይ ይግባኝ የሚል ሰው መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ካላያያዘ ይግባኙ አይከፈትለትም ነበር። መጀመሪያ አስረክብ፣ ኋላ ተከራከር ማለት ነው። የ2011ዱ አዋጅ 1161 አቤቱታው በ30 ቀን ውስጥ የሚቀርብበትን አካል፣ ከዚያም ይግባኝ ሰሚ ጉባኤውን፣ ከዚያም ፍርድ ቤቱን በተራ አስቀመጠ። ካሳውም ተለወጠ፤ በፊት የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ይባዛ የነበረው፣ አሁን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ይባዛል።

የጠበቃዋ ዋና ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። እንደ እርሷ አባባል ጎጃም ውስጥ የሚበዛው ክርክር መሬት ማስለቀቅ ተብሎ በስሙ የሚጠራው አይደለም። የይዞታ ደብተር መሰረዝ፣ ወሰን ማስተካከል፣ የወል መሬት ነው ተብሎ መከለል፣ ወደ ከተማ ክልል መጠቃለል የሚባሉት ናቸው። በእነዚህ ላይ የተሰጠ ደብዳቤ በአዋጅ 1161 መንገድ አይሄድም። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይመጣል፤ ፍርድ ቤቱ የሥረ ነገር ሥልጣን የለውም፣ ነገሩ የአስተዳደር ነው የሚል። አንዱ ዳኛ መቃወሚያውን ይቀበላል፣ የሚቀጥለው ወረዳ ዳኛ ውድቅ ያደርገዋል።

11ኛው ጠበቆች ክርክሩ እንዲረዝም ይፈልጋሉ፣ ክፍያቸው የሚበስለው በቀጠሮ ነው አለ። ጠበቃዋ መልስ አልሰጠችውም፤ እኔም አልሰጠሁትም።

12ኛውን ከሁሉም አስበልጣለሁ። ጸሐፊው ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነው። ከተማውን አልጠቀሰም፤ እኔም አልጠቅስበትም። ባለጉዳይ መጥቶ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደብዳቤውን እንደሆነ ጻፈ። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ሦስት መስመር ነው። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ ከዚያ በርእሰ ጉዳዩ በተጠቀሰው መሠረት ይዞታው የተሰረዘ መሆኑን እንገልጻለን፣ ከዚያ ከሰላምታ ጋር፣ ከዚያ ማኅተም። ለምን እንደተሰረዘ የለም። በየትኛው አንቀጽ የለም። ማን ተሰብስቦ እንደወሰነ የለም። ታዲያ እርሱ የሚጽፈው ማመልከቻ ምን ይቃወማል? ባለጉዳዩን ምክንያቱ ምን ይመስልሃል ብሎ ይጠይቀዋል፤ ባለጉዳዩ የሚጠረጥረውን ይነግረዋል። አንዱ የጎረቤት ተንኮል ነው ይላል፣ ሌላው የቀበሌ ሊቀመንበሩ ቂም። ጥርጣሬው ክስ ሆኖ ይጻፋል። መሥሪያ ቤቱ ችሎት ቀርቦ ከሳሽ የሚለው ሐሰት ነው ሲል ጥርጣሬው ሐሰት ሆኖ ይገኛል፤ እውነተኛው ምክንያት ግን አሁንም አልተነገረም። ገበሬው ተረትቶ ይወጣል። ከ2015 ክረምት ግጭት ወዲህ ደግሞ በብዙ ቦታ ችሎት እንደ ልብ ስለማይቀመጥ፣ አንድ ቀጠሮ ሲያልፍ ቀጣዩ የሚርቀው ርቀት ሌላ መከራ ነው። የፍርድ ቤቱ ስም ልዩ ይሁን መደበኛ፣ ባለ ሦስት መስመር ደብዳቤ ይዞ የገባ ሰው ምን ሊያገኝ ነው ብሎ ይጠይቃል ጸሐፊው።

በመክፈቻዬ ስለ ፍርድ ቤት ዓይነት ጠይቄ ነበር። ይህ ሰው ጥያቄውን ወደ ደብዳቤው አወረደው፤ ትክክለኛው ቦታም ያ ይመስለኛል። ምክንያት ያልተጻፈበትን ውሳኔ የሚከልስ ዳኛ፣ ስሙ ማንም ይሁን፣ የሚከልሰው ነገር የለውም።

13ኛው ይህን ተከትሎ ወደ 1989 ወሰደን፤ ክሩም እስከ 16ኛው ድረስ ከዚያ አልወጣም። በዚያ ዓመት ክልሉ በአዋጅ ቁጥር 16 የመሬት ሽግሽግ ሲያደርግ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሥራ የያዙ ሰዎች ቢሮክራት ተብለው፣ የቀድሞ ባላባት የተባሉት ደግሞ የፊውዳል ርዝራዥ ተብለው ከ4 ጥማድ (አንድ ሄክታር ገደማ) በላይ እንዳይዙ ተደረገ። የጸሐፊው አባት ከቢሮክራቶቹ ተመደቡ። የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበሩ፤ ጸሐፊ የሆኑትም ማንበብ የሚችሉት እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ ነው። ስማቸው በስብሰባ ላይ ተነበበ፤ ጥማዱ ተቀነሰ። አቤት የሚባልበት የቀበሌ ኮሚቴ ያው ስሙን ያነበበው ኮሚቴ ነበር። ስለ ጉዳዩ አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ ገበሬዎችም እንደነበሩ ያስታውሳል። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 89 የወጣው ሽግሽጉ ከተጀመረ በኋላ መሆኑን ጨምሯል።

14ኛዋ ይህን በዝምታ አላለፈችም። እናቷ ባል የሞተባት ሴት ነበረች፤ በስሟ መሬት ያገኘችው በዚያ ሽግሽግ ነው። ከዚያ በፊት በወንድሞቿ መሬት ላይ አራሽ ሆና ትኖር ነበር። የእናንተ አባቶች ጥማድ ሲቆጠር የእኛ እናቶች ዜሮ ሲቆጠር የት ነበራችሁ ብላ ጠየቀች፤ ቃሏም ስለታም ነው። 15ኛው የ13ኛው መልስ ሲሆን ለእናቷ መሬት መስጠትና አባቱን በስብሰባ ማዋረድ አንድ ነገር አይደለም ይላል። መጨረሻ ላይ ስድብ ቀላቅሎበት ነበር፤ በማግስቱ ራሱ አንሥቶታል።

16ኛው እንደገና ጡረተኛው ዳኛ ናቸው፤ በሁለቱ መካከል እንደ ሽማግሌ ገቡ፣ ሽማግሌነታቸው ግን ለማስታረቅ አልነበረም። የልጅቷ እናት መሬት ማግኘቷ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የልጁ አባት መሬት መቀነሱም ትክክል ሊሆን ይችላል ይላሉ። ጥያቄው ሌላ ነው። ሰውየው ቢሮክራት ነው የተባለው በምን ማስረጃ ነው? ተጠይቆ ነበር? መልሱ ተጽፏል? ከወሳኙ ሌላ የሚሰማው ነበር? ለእነዚህ ለአራቱም መልሱ የለም ከሆነ፣ ውጤቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ የሚችል ሰው አልነበረም። እናቲቱም ብትሆን ነገ ሌላ ስብሰባ ተጠርቶ ስሟ ቢነበብ የሚያድናት ነገር አልነበራትም። ልጅቷ ለዚህ መልስ አልጻፈችም፤ ምስጋናም አልጻፈችም። እኔ ከዳኛው ጋር ነኝ፤ ቁጣዋ ያለ ምክንያት ነው ግን አልልም።

17ኛው በእንግሊዝ የሚኖር የደምበጫ ልጅ ነው፤ የባዕድ አገር ምሳሌ ይዞ መጣ፤ መሬት ስለሆነ ሁሉም አነበበው። በዶርሴት አውራጃ ክሪቸል ዳውን የሚባል 725 ኤከር መሬት እ.ኤ.አ. በ1938 የአየር ኃይል ሚኒስቴር ለቦምብ መለማመጃ ወሰደው። ከጦርነቱ በኋላ መሬቱ ለባለቤቶቹ በመመለስ ፈንታ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተላለፈ፤ ወራሾቹ ልግዛው ሲሉ ባለሥልጣናቱ እምቢ አሉ። ነገሩ በምርመራ ሲጋለጥ የግብርና ሚኒስትሩ ቶማስ ዳግዴል በ1954 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1955 የአስተዳደር ዳኝነት ጉባኤዎችን አሠራር የሚመረምር የፍራንክስ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1957 ሪፖርቱን አቀረበ። በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ ጉባኤዎቹ ለውሳኔያቸው ምክንያት እንዲሰጡ አስገደደ፤ የሚቆጣጠራቸው ምክር ቤትም አቋቋመ። የተበታተኑት ጉባኤዎች በሁለት እርከን የተጠቃለሉት ግን በ2007 ነው። ደምበጬው አንድ ነገር አልደበቀም፤ ፍራንክስ ኮሚቴ እንዲመለከት የተሰጠው ጉባኤ ወይም መደበኛ ምርመራ ያለባቸውን ጉዳዮች ብቻ ስለነበር፣ ሚኒስትሩን ሥልጣን ያስለቀቀው የክሪቸል ዳውን ዓይነት ጉዳይ ራሱ ከሥራው ውጭ ነበር። ማሻሻያውን የወለደው በደል በማሻሻያው አልተነካም። ይህን ሳነብ የእኛን የደብተር መሰረዝና አዋጅ 1161ን አሰብኩ።

18ኛው ስለ ኬንያ ጽፏል። ጎረቤቶቻችን እ.ኤ.አ. በ2010 ሕገ መንግሥታቸው ላይ ለመሬትና ለአካባቢ ጉዳይ ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ደነገጉ፤ በ2011 ሕጉ ወጣና ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ጋር እኩል ማዕረግ ተሰጠው። ከዚያ በፊት በ1990 ሕግ የተቋቋሙ በሽማግሌዎች የሚመሩ የመሬት ክርክር ጉባኤዎች ነበሩ፤ ያንን ሻሩት። ጸሐፊው ይህን የሚያቀርበው እንደ መድኃኒት ነው፤ በእኛ ወረዳዎች የመሬት ሽማግሌዎች ፍርድ ቤቱ ያላቃለለውን ስንቱን እንደሚያቃልሉ ግን አልመዘነም።

19ኛው ልዩ ፍርድ ቤት የሚለውን ስም ሲሰማ ደሙ የሚፈላ ሰው ነው። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የመሬት ክርክር ከመደበኛ ፍርድ ቤት ወጥቶ ለገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ መሰጠቱን፣ በዚያው ዘመን ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ምን እንደሠራ ያስታውሳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 78 የዳኝነት ሥልጣንን ከመደበኛ ፍርድ ቤቶች የሚወስድና በሕግ የተደነገገ ሥርዓት የማይከተል ልዩ ፍርድ ቤት እንዳይቋቋም የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው ይላል። መምህሩ በአንድ መስመር መለሰለት፤ ክልከላው ሁለቱም ነገር ሲገጣጠም ነው፤ አንቀጽ 37 ራሱ ከፍርድ ቤት ሌላ በሕግ የመዳኘት ሥልጣን የተሰጠውን አካል ይቀበላል። ይህች መስመር 20ኛዋ ምላሽ ናት።

21ኛው ለምን እንባ ጠባቂ ተቋም አትሄዱም ብሎ ጠየቀ። ተቋሙ በ1992 በአዋጅ 211 ተቋቁሟል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በደልን ይመረምራል፣ ክፍያ አይጠይቅም። ነገር ግን የሚያቀርበው የመፍትሔ ሐሳብ እንደ ፍርድ ባለዕዳን አስገድዶ የሚፈጸም አይደለም። ከዚያ ሳይታሰብ ወሰን ላይ ስለሚተከል ባሕር ዛፍ ማውራት ጀመረ፤ ጎረቤቱ ተክሎበት ጤፉ መንምኗል። እውነት ለመናገር ይህን ያህል ስሜት ያለው አንቀጽ በክሩ ውስጥ የለም።

22ኛውን የጻፈው አንድ ወጣት የወረዳ መሬት ባለሙያ ነው፤ የማን ወረዳ እንደሆነ አልገለጸም። ተቆጥቶ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሱ ግን ደብዳቤው ለምን ሦስት መስመር እንደሆነ ከውስጥ ሆኖ አስረዳ። ውሳኔው የሚሰጠው በኮሚቴ ስብሰባ ነው፤ ምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራል። ደብዳቤውን የሚጽፈው ባለሙያ ግን ቃለ ጉባኤውን እንዲያያይዝ የሚያዝዘው ሕግ ስለሌለ የቀድሞውን ደብዳቤ ገልብጦ ስምና ቁጥር ይቀይራል። ምክንያት ቢጽፍ ደግሞ በኋላ ችሎት ቀርቦ ስለ ምክንያቱ የሚመሰክረው እርሱ ነው፤ ኮሚቴው አይደለም። ስለዚህ ማሳጠር ራስን ማዳን ነው። በቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረው ምክንያት አንዳንዴ ትክክለኛ እንደሆነም ነገረን፤ ገበሬው ቢያየው ሳይከስ የሚቀርባቸው ጉዳዮች አሉ። ይህን ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ጠበቃዋ ከሥሩ ያኖረችው አስተያየት የለም፤ ምስጋና የሚያሳየውን ምልክት ግን አድርጋለች።

23ኛው ራፖር ጸሐፊው ነው፤ ተመልሶ መጣና ባለሙያውን ወንድሜ ብሎ አነጋገረው። ያ ቃለ ጉባኤ ለባለጉዳዩ ግልባጩ ሊሰጠው ይችላል ወይ? ባለሙያው በማመልከቻ ሲጠየቅ ኃላፊው ካልመራበት እንደማይሰጥ መለሰ፤ ኃላፊው ብዙውን ጊዜ አይመራበትም።

24ኛው የዳኛው ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት ፍርድ ቤቱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለ ሰነድ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል፤ ሕጉ ከ1958 ጀምሮ አለ፣ ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ዳኛ ብዙ ጊዜ ያልተጠየቀውን ሰነድ ፈልጎ አያመጣም። ከክስ ማመልከቻው ጋር በሚያያዘው የማስረጃ ዝርዝር ላይ፣ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ በእገሌ መሥሪያ ቤት እጅ እንደሚገኝ ከነደብዳቤው ቁጥርና ቀን ተጠቅሶ እንዲታዘዝ መጠየቅ አለበት። ከመቃወሚያው ክርክር በፊት ከሆነ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ምክንያቱ የታየለት ዳኛ ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገብ ለመዝጋት እንደ ቀድሞው አይቸኩልምና።

25ኛው አጭር ነው። ራፖር ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው እንዲታዘዝ የምትጠይቀውን ዓረፍተ ነገር በማመልከቻው ማስረጃ ዝርዝር ውስጥ በሁለተኛ ተራ እንደጨመራት፣ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ብቻ ይበል ወይስ የቀያሹንም ንድፍ ይጨምር እንደሆነ ዳኛውን ይጠይቃል። ዳኛው ሁለቱንም ብለውታል።